ስለጠፉት ጉንጮቼ፦ ለዳቦ ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ
በቢሮዎ

ጉዳዩ፦ ከድርጅቱ ፈቃድ ሳይጠይቁ የከሱ ጉንጮችን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ ያለኝን ጥልቅ ምኞት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። እንዴት ሰነበቱ? ወገብዎ እንዴት ነው? ደረጃ ሲወጡ የሚያስቸግርዎ ትንፋሽስ ተሻለዎት? ይህን በአደባባይ የምጠይቅዎ፣ እርስዎ ስለ እኔ ሰውነት በየስብሰባው፣ በየኮሪደሩና በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሳይቀር ሲጨነቁ ከርመው፣ እኔ ግን አንድም ቀን ስለ እርስዎ ሰውነት ሕዝብ ሰብስቤ ባለመነጋገሬ ውለታ ቢስ የሆንኩ ስለመሰለኝ ነው። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ያብዛልዎ፤ የእኔንም ለእኔ ይተውልኝ።

የጻፉልኝን ማስጠንቀቂያ ሠራተኛው ሁሉ ከመግቢያው ሰሌዳ ፊት ቆሞ ካነበበው በኋላ እኔ መልሱን በፖስታ አሽጌ በጸሐፊዎ በኩል ብልክልዎ ወግ አይሆንም። ስለዚህ ይህችን ደብዳቤ እዚያው ሰሌዳ ላይ፣ ከእርስዎ ማስጠንቀቂያ ጎን ለጥፌያታለሁ። ጎረቤት ሆነው ይጨዋወቱ።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች ራሴን ላስተዋውቅ። በማቡኪያ ክፍል ሊጥ አቡኪ ነኝ። ስሜን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ሲሆን ለሌላው ሁሉ ጉንጬ ነኝ። የእኛን ዳቦ ገዝቶ የሚያውቅ ሁሉ አይቶኛል፤ መጠቅለያ ላስቲኩ ላይ ትኩስ ዳቦ በሁለት እጁ ታቅፎ፣ ዓይኖቹ በጉንጮቹ ተውጠው የሚስቀው ሰውዬ እኔ ነኝ። ማለቴ፣ ነበርኩ። ፎቶ አንሺው መጀመሪያ የመጣ ዕለት ከዚያ ሁሉ ሠራተኛ መሀል እኔን የመረጠኝ ሥራዬን አይቶ አይደለም፤ ጉንጬን እንደ ሕፃን ጉንጭ ቆንጠጥ አድርጎ «ይሄ ነው!» ስላለ ነው። ከዚያ ወዲህ በላስቲኩ፣ በማከፋፈያ መኪኖቹና ከበሩ በላይ ባለው ታላቅ ሰሌዳ ላይ ተሰቀልኩ። ሰሌዳው ላይ አንዱ ጉንጬ የመኪና ጎማ ያህላል። ለዚህ ክብር አንድ ካርቶን ብስኩት የተሰጠኝ መሆኑን ሳልጠቅስ ባልፍ ምስጋና ቢስ እባላለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያውቁታል፤ እንደማያውቁ ስለሚሆኑ ግን ልድገመው። ታላቅ ወንድሜ በዚሁ ፋብሪካ ምድጃ ክፍል ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነበር። ስኳር በሽታ መጀመሪያ ዓይኑን አደከመበት፣ ቀጥሎ አንድ እግሩን አስቆረጠው፣ በመጨረሻም እሱኑ ወሰደው። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እርስዎ ሊጠይቁት መጥተው ነበር። ክሬም የተደረደረበት ኬክ ይዘው ነበር የመጡት። ወንድሜ ዓይኑ በደንብ ስለማያይ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ እኔም አበባ ነው ብዬ ዋሸሁት።

ወንድሜን ከቀበርን በኋላ እኔም ጫማ የላጠው እግሬ አልድን አለኝና ክሊኒክ ሄድኩ። ወንድሜን ታክም የነበረችው ሲስተር የደሜን ውጤት አይታ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋችውና «ልጅ አለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። የወንድሜ ስኳር በእኔም ደም ውስጥ ነበር። አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ያለኋት እኔ ብቻ ነኝ። ክቡር ሆይ፣ ፈራሁ። ወንድ ልጅ ፈራሁ ሲል በእኛ ፋብሪካ እንደሚያስቅ አውቃለሁ፤ ይሳቁ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነገር በማስጠንቀቂያዎ ላይ «ስውር ተግባር» ተብሎ ስለተጠራ ስውርነቱን እነሆ በይፋ እገልጠዋለሁ። ሐኪሙ ባዘዘኝና ሲስተሯ ባስረዳችኝ መሠረት ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ኬክ፣ ብስኩትና ስኳር የገባበት ሻይ ከገበታዬ አንድ በአንድ ተሰናበቱ፤ በምትካቸው እንቁላል፣ ዓሣ፣ ሥጋ፣ ጎመን፣ አቮካዶ፣ ስኳር የሌለው እርጎና ለውዝ ገቡ። እርስዎ እንዳሉት ራሴን አላስራብኩም፤ እንዲያውም በሕይወቴ ጠግቤ የበላሁት አሁን ነው። በወር ውስጥ እንደ ሸምበቆ እናደርግሃለን የሚሉትን የመንደር አዋቂዎችም አልሰማሁም። ክብደቱ ሲመጣ ቀስ ብሎ ነበር፤ ሲሄድም ቀስ ብሎ ሄደ፤ አንዳንድ ወር ደግሞ ንቅንቅ አልል ብሎ ከሚዛኑ ጋር አኮራረፈኝ። በእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ ኬክ በላሁ፣ ጣፈጠኝም፤ በማግስቱ ወደ እንቁላሌ ተመለስኩ እንጂ ራሴን አልረገምኩም። በዚህ ሁኔታ ዓመት አለፈ፣ ሌላውም ተጋመሰ። ቁስሌ ዳነ። ሐኪሙ የመድኃኒቴን መጠን ራሱ ቀነሰው። ልጄ በየጠዋቱ ከፊቴ ተንበርክካ የጫማዬን ማሰሪያ ታስርልኝ ነበር፤ ሆዴ አላስጎነብስ ስላለኝ። አሁን አጎንብሼ ራሴ አስራለሁ፤ ይህን ስጽፍልዎ ዓይኔ እንባ አቅርሯል፤ አላፍርበትም።

ይህን ሁሉ ሳደርግ የዘነጋሁት አንድ ነገር ቢኖር፣ ጉንጮቹ የእኔ አለመሆናቸውን ነው። ስለዚህም ያደረሱብኝን በደል፣ ይቅርታ፣ የዋሉልኝን ውለታ እንደሚከተለው በቁጥር ለይቼ አመሰግናለሁ።

1ኛ. «የድርጅቱን ገጽታ ያለ ፈቃድ በመቀነስ» የሚል ጥፋት ፈልስፈው የመጀመሪያው ጥፋተኛ ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። በበኩሌ የድርጅቱ ገጽታ በእኔ መንጋጋ ላይ ተንጠልጥሎ መኖሩን አላውቅም ነበር። እውነት ነው፣ ወሬው ተነሥቷል። ማዕዘን ላይ ያለችው ባለሱቅ ላስቲኩንና እኔን እያፈራረቀች አይታ «እንዲህ ያከሳህ ዳቦው ነው እንዴ?» ብላኛለች። የማከፋፈያ መኪናው ሹፌርም በሄደበት ሁሉ «ያ የዳቦው ሰውዬ ሞተ አሉ፣ ነፍስ ይማር» እየተባለ ሲመለስ ሰንብቷል፤ ደከመውና አሜን ማለት ጀመረ። ሰው ይህን ሲል አንድ ኃላፊ ወጥቶ፣ አልሞተም፣ ታሞ ነበር፣ ተሽሎታል ቢል በቂ ነበር። እርስዎ ግን የመረጡት ሌላ ነው፦ ተሽሎታል ማለቱ ነውር ሆኖ ታይቶዎት፣ የቀድሞው ሕመሜ እንዲመለስ በደብዳቤ አዘዙ።

2ኛ. እንቁላሎቼን ስለወረሱልኝ አመሰግናለሁ። ከዳቦ በስተቀር ማንኛውም «ባዕድ ምግብ» በበሩ እንዳይገባ የወጣው መመሪያ ከእኔ ምሳ ዕቃ ሌላ የሚመለከተው ነገር አልተገኘም። ጥበቃው ጨዋ ሰው ነው። በየጠዋቱ ዓይኑን ከዓይኔ እያሸሸ «ጉንጬ፣ ዛሬም ይዘሃል?» ይለኛል፤ ይዣለሁ እለዋለሁ፤ የተቀቀሉትን እንቁላሎች ከብረት መቁረጫና ከተያዘ ሲጋራ ጋር መሳቢያ ውስጥ ያኖራቸዋል። በሠራተኞች ክበብ የሚጠብቀኝም ምሳ የታወቀ ነው፦ በአዘቦት ቀን ፓስታ በዳቦ፣ በበዓል ቀን ደግሞ ዳቦ በፓስታ።

3ኛ. ስለ ኮሚቴው። ሌላው ቢቀር ለዚህ ሐውልት ይገባዎታል። አገር ምድሩ ክብደት የሚቀንስበት መላ ሲያፈላልግ፣ በዓለም ላይ የመጀመሪያውን «ክብደት አስመላሽ ኮሚቴ» ከሰብሳቢ፣ ከጸሐፊና ከአባላት ጋር አቋቁመው በእኔ ላይ አሠማርተዋል። ሰብሳቢው የመጋዘን ኃላፊው ናቸው። በየጠዋቱ ከፊቴ ተቀምጠው ኬኩን ወደ እኔ ይገፋሉ፤ እኔ በአክብሮት መልሼ ወደ እሳቸው እገፋለሁ፤ ኬኩ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ እንዳይበላሽ ሲባል ኮሚቴው ይበላዋል፤ በቃለ ጉባኤም ይያዛል። እስካሁን ክብደት የጨመሩት የኮሚቴው አባላት ብቻ ናቸው። አንደኛው አባል፣ የግዢ ሠራተኛው፣ በቀደም ለብቻዬ አግኝቶኝ ሱሪው እንደጠበበው አማረረልኝ፤ እኔ ደግሞ ይህን ለሰብሳቢው እንዲያቀርብ መከርኩት።

4ኛ. የፎቶውን ቀን ሳላነሣ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ኮሚቴው ውጤት አላመጣም ተብሎ፣ ለአዲሱ ላስቲክ የታሰበው ፎቶ ግን መነሣት ስለነበረበት፣ የጎደለውን ጉንጭ ለጊዜው በሌላ ነገር መሙላት እንደሚቻል ተወሰነ። ፎቶ አንሺው በጥጥ ይሞላ አለ። ጥጡ አፌ ውስጥ ርሶ ወደ አንድ ወገን ሲንሸራተት ጥርሱን የታመመ ሰው መሰልኩ። ያን ጊዜ ነው እርስዎ ያ ታላቅ ሐሳብ የመጣልዎ። ዳቦ ፋብሪካ ውስጥ ቁጭ ብለን ለምን ጥጥ እንለምናለን፣ ሊጥ አምጡ አሉ። ከማቡኪያዬ፣ ጠዋት በገዛ እጄ ካቦካሁት፣ ሁለት ድብልብል ሊጦች በሳህን መጡ። ሥራዬ ነውና እርሾ እንዳለበት ልነግርዎ ሞክሬ ነበር፤ አንደኛው ጉንጬ ቀድሞ ስለተሞላ የተናገርኩት ለማንም አልተሰማም።

መብራቱ በራ። የዚያ መብራት ሙቀት የወንድሜን ምድጃ ያስታውሳል። መጀመሪያ ሁላችሁም ደስ አላችሁ፤ ጉንጮቼ በዓይናችሁ ፊት ሞሉ፣ እርስዎም አጨበጨቡ፣ የሽያጭ ኃላፊውም «መጣ፣ መጣ! የድሮው ጉንጬ መጣልን!» አለ። ፎቶ አንሺው መብራቱን ከወዲህ ወዲያ ሲያዞር፣ የዳቦውን ቅርጫት ወደ ደረቴ ሲያስጠጋ፣ የእርስዎ ልዩ ልዩ አስተያየቶችም ሲደመጡ፣ ሊጡ የማንንም መመሪያ ሳይጠብቅ ኩፍ አለ። በከንፈሮቼ መሀል ብቅ አለ፤ በሌላ በኩል ደግሞ ወደ ጉሮሮዬ ዞረ። እኔ በአፍንጫዬ እየቃተትኩ በእጄ ብጠቁም «ፈገግ በላ! ፈገግ በል እንጂ!» እያሉ ያበረታቱኛል። በመጨረሻ መጥረጊያዋን ጥላ ሮጣ የደረሰችልኝ የጽዳት ሠራተኛዋ ነበረች። አገጬን ይዛ በሁለት ጣቷ እየጎለጎለች አወጣችልኝና «ሰውየውን ልትገድሉት ነው እንዴ? ዓይናችሁን በጨው ታጥባችኋል?» ብላ ጮኸችባችሁ። ለዚህም ከአዳራሹ እንድትወጣ ተደርጋለች። ስለ ሊጡ ጥራት ግን ማንም ቅሬታ አላቀረበም፤ ለዚህ ኮርቻለሁ።

5ኛ. እና የመጨረሻው፣ ሰሌዳው ላይ የሚያነቡት ማስጠንቀቂያ። ጉንጮቹን «ወደ ቀድሞ ይዞታቸው» እስከ ወሩ መጨረሻ እንድመልስ፣ ይህ ካልሆነ ግን ከሥራ እንደምሰናበት ይገልጻል። ጽሑፉ ያማረ ነው፤ ማኅተሙም ጥርት ብሎ አርፏል።

ከዚህ በኋላ ቁጥሬን ትቻለሁ፤ የቀረኝ በቁጥር የሚለይ አይደለምና።

ክቡር ሆይ፣ ከዳቦ ጋር ጠብ የለኝም። ዳቦ አሳድጎኛል፤ ልጄም የምትማረው በዳቦ ነው። ሰውነቱ የሚቀበለው ሁሉ ይብላ፣ ይጣፍጠው፤ እኔም ለእሱ ስል ማልጄ እየተነሣሁ ሳቦካ አንድ ቀን ተሰላችቼ አላውቅም። የእኔ ሰውነት ግን አልቀበልም አለ። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ደሜ ነው፤ ደሜን ደግሞ በስብሰባ ማስወሰን አይቻልም። እርስዎ ሰው ሲከሳ የሚያዩት የጎደለውን ብቻ ነው። ዳቦ ቤት ውስጥ ሆኖ ዳቦ የማይበላ ሰው እንደ ከሃዲ ይታይዎታል። እስቲ ልጠይቅዎ፣ የሬሳ ሣጥን የሚሠራው አናጢ ሥራውን እንደሚወድ ለማስመስከር ገብቶ ይተኛበታል?

የሚያናድደኝ ደግሞ ድፍረትዎ ሳይሆን የልብዎ ስፋት ነው። ወንድሜ እግሩን ሲያጣ «የፈጣሪ ፈቃድ ነው» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እኔ እግሬን ሳተርፍ ግን የፈጣሪ ፈቃድ መሆኑ ቀረና የዲሲፕሊን ጥፋት ሆነ። በወንድሜ ለቅሶ ቤት ድርጅቱ የላከው ዳቦ በእኔ ፎቶ ተጠቅልሎ ነበር፤ ሐዘንተኛው ሁሉ ያንን የሚስቅ ፊት እየቀደደ ሲበላ እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ አለቅስ ነበር። ያን ጊዜ ማንም ገጽታ ተበላሸ አላለም።

ስለዚህ በትሕትና የማሳውቅዎ ይህን ነው። ጉንጮቹን አልመልስም። ጠፍተውብኝ አይደለም፣ ፈልጌም አጥቼያቸው አይደለም፤ አውቄ፣ አስቤበት፣ ቀስ ብዬ ሸኝቻቸዋለሁ፤ የሄዱበት አገር አድራሻ የላቸውም። እኔ የማቦካው በእጄ እንጂ በጉንጬ አይደለም። እጆቼን ማየት ከፈለጉ ማቡኪያ ክፍል ይምጡና ይዩዋቸው፤ አልከሱም። ሊጡ ሲደርስ በጣቴ ነክቼ አውቀዋለሁ፤ ለመቅመስም ቢሆን መዋጥ አያስፈልገኝም። በዚህ ሥራ የሚያቆዩኝ ከሆነ በደስታ እሠራለሁ። የሚያሰናብቱኝ ከሆነም ሥልጣኑ የእርስዎ ነው፤ መተዳደሪያዬን ይወስዱብኛል፣ ቤቴም ይቸገራል፣ አላመመኝም ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን ከበርዎ የምወጣው በሁለት እግሬ ነው። ወንድሜ የወጣው በአንድ ነበር።

ለሰጡኝ ትኩረት፣ ላባከኑልኝ ኬክ፣ ለወረሱልኝ እንቁላልና አፌ ውስጥ ላስነሡት ሊጥ በድጋሚ እያመሰገንኩ፣ ለክቡርነትዎ ቀጠን ያለ ሕሊና ሳይሆን ሰፊና ምቹ ሕሊና፣ ለወንበርዎ ጥንካሬ፣ ለወንበርዎ እግሮች ደግሞ ከሁሉ አብልጬ ጽናትን እመኛለሁ።

የእርስዎ ታዛዥ፣ በክብደት ግን ታዛዥ ያልሆነ፣
በላስቲኩ ላይ የሚስቀው ሰውዬ
(ከበሩ በላይ ካለው ሰሌዳ ጋር አመሳክረው ካልለዩኝ ፊርማዬን ማቡኪያ ክፍል መጥተው ያረጋግጡ)

ግልባጭ፦
ለክብደት አስመላሽ ኮሚቴ፣ ከሻይ ሰዓት በፊት እንዲነበብ
ለጥበቃ ክፍል፣ ከመሳቢያው እንቁላሎች ጋር እንዲቀመጥ
ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ በታላቅ ምስጋና

ማሳሰቢያ፦ ለአዲሱ ፎቶ በእኔ ምትክ በቅርቡ የተቀጠረውን የሽያጭ ሠራተኛ እንደመረጡ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ሳቂታ ሰው ነው፤ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ጉንጩም ያማረ ነው። ትናንት ልብስ መቀየሪያ ክፍል አጠገቤ ቁጭ ብሎ ጫማውን ሊያስር ሲሞክር አየሁት፤ አልደረሰበትም፤ ልቡ እስኪጠፋ ተንፍሶ ማሰሪያውን ወደ ጫማው ውስጥ ወሸቀው። ጎንበስ ብዬ አሰርኩለትና የክሊኒኩን አድራሻ በእጁ አስያዝኩት። ሊሄድ ቃል ገብቶልኛል። አንዲት ልመና ብቻ አለችኝ፦ ያን ዕለት ጠዋት ኬክ አይስጡብኝ። ደሙ የሚለካው በባዶ ሆድ ነው።